ለውድድር የማሳድገው ፖሜራኒያን ፀጉሩ እየረገፈ ነው፤ ምክራችሁን እሻለሁ

የተከበራችሁ ፖሜራኒያን አርቢዎች፣

የምኖረው በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ሲሆን፣ በአሜሪካ ኬኔል ክለብ (የውሻ ዝርያዎችን የሚመዘግብ ድርጅት) የዝርያ መስፈርት መሠረት ለውድድር የማሳድገው የ16 ወር ወንድ ፖሜራኒያን ውሻ አለኝ። ክብደቱ መስፈርቱ ለውድድር ተመራጭ በሚለው ከ4 እስከ 6 ፓውንድ ውስጥ ነው፤ ጀርባው ላይ ቀጥ ብሎ የሚተኛው ጅራቱ በተለይ እጅግ ያማረ ነው።

ያስጨነቀኝ ፀጉሩ ነው። ቡችሎች የልጅነት ፀጉራቸውን እንደሚለውጡ ስለማውቅ መጀመሪያ ላይ አልደነገጥኩም ነበር፤ አሁን ግን ከሁለቱም የኋላ ጭኖቹ ረጃጅሙ ፀጉር እኩል ረግፎ ጥጥ የመሰለው የውስጥ ፀጉር ብቻ ቀርቷል፣ ቆዳውም መጥቆር ጀምሯል። አያሳክከውም፤ ጭንቅላቱና የፊት እግሮቹም ደህና ናቸው። የታይሮይድ ምርመራው ጤናማ በመሆኑ የእንስሳት ሐኪሙ አሎፔሲያ ኤክስ (መንስኤው በውል ያልታወቀ የፀጉር መርገፍ ችግር) ሳይሆን እንደማይቀር ገልጾ ፀጉሩ ተመልሶ እንዲበቅል እንዳኮላሸው መክሮኛል፤ የተኮላሸ ውሻ ደግሞ ለሻምፒዮና ማዕረግ መወዳደር አይችልም። ችግሩ በዘር የመተላለፍ ዕድል ስላለው የማዳቀል ዕቅዴን ለጊዜው አቁሜያለሁ።

ይህ የገጠማችሁ ካላችሁ፣ ከማኮላሸቴ በፊት የኩሺንግ በሽታ (ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ከመጠን በላይ የሚበዛበት ሕመም) እና የቆዳ ናሙና ምርመራ ላስደርግ? ሜላቶኒን የተባለውን ሆርሞን ሰጥታችሁ ለውጥ ያያችሁስ አላችሁ? ፀጉሩ ተመልሶ ቢበቅል እንኳ ከእሱ ማስወለድ ተገቢ ነው ትላላችሁ?