የዐቃቤ ሕግ ምስክር አልቀረበም እየተባለ ቀጠሮው ይራዘማል፤ ምን እናድርግ?

የቢቸናው (ጠያቂ)፦ ሰላም ወገን። ወንድሜ በጠብ ሰው አቁስለሃል ተብሎ ተከሶ ማረሚያ ቤት ነው። ዋስትና ተከልክሏል። በቀረበ ቁጥር «ምስክር አልተሟላም» ይባልና ሌላ ቀጠሮ ይሰጣል። ባለፈው ከአራቱ ሁለቱ መጥተው ሳይሰሙ ተመለሱ። ዳኛውን ምን ብለን እንጠይቅ?

ጠበቃ ከማርቆስ፦ መጀመሪያ መጥሪያው መድረሱን ከመዝገቡ አጣሩ። ምስክሩ ፈርሞ ተቀብሏል ወይስ ወረቀቱ ፖሊስ ጣቢያ መሳቢያ ውስጥ ነው? ብዙ መዝገብ የሚከማቸው እዚችው ላይ ነው። ደርሶት ከቀረ ታስሮ እንዲቀርብ ይታዘዝልን በሉ። ካልደረሰው ፖሊስ ቀርቦ ምክንያቱን ያስረዳ። የመጡት እንዲሰሙም በጽሑፍ አመልክቱ። ዐቃቤ ሕግ «ተከፋፍለው ከተሰሙ ይነጋገራሉ» ብሎ መቃወሙ አይቀርም። እናንተ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 20 ጥቀሱ፤ ተከሳሽ ተገቢ በሆነ አጭር ጊዜ ውስጥ የመሰማት መብት አለው።

ዳሞት፦ ፖሊስን ብቻ አትውቀሱ። እኔም ምስክር ተብዬ ተጠርቻለሁ፤ ያውም ኅዳር ላይ፣ ጤፉ ታጭዶ ሜዳ ላይ እያለ! ዝናብ ቢመታው ማን ይከፍለኛል? ቀጠሮው ሰው ገበያ በሚወጣበት ቀን እንዲሆን ለምኑ። ቀላል ነገር ይመስላል፣ ግን ይሠራል።

የሞጣዋ፦ ወንድሜ፣ ዋስትናውን ለምን ተዋችሁት? በክልከላው ላይ ይግባኝ የሚባለው በ20 ቀን ውስጥ ነው። ካለፈም ተስፋ አትቁረጡ። ተጎጂው ድኖ ከሆነ የሐኪም ማስረጃ አያይዛችሁ እንደገና አመልክቱ። ለጠበቃ ገንዘብ ካጠረ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

አባይ ማዶ፦ ማመልከቻ በማመልከቻ ላይ ብትደርቡ ሥርዓቱ ካልተስተካከለ ምን ዋጋ አለው? የሥነ ሥርዓት ሕጉ የ1954 ነው። እጅ ከፍንጅ ለተያዘ ሌባ የተፋጠነ ችሎት አለ፤ ምስክሩ ከገጠር ለሚመጣ መዝገብ ግን ያው በቀጠሮ መንከራተት ነው። ምስክር በተከታታይ ቀናት ይሰማ፣ መጥሪያም በስልክ ይድረስ። ግማሹ ችግር ይቃለላል።

ጠበቃ ከማርቆስ፦ በስልኩ እስማማለሁ። ብቻ «አልተደወለልኝም» ያለ ምስክር ላይ የእስር ትእዛዝ ማውጣት ይከብዳል። ፊርማ ፊርማ ነው።

የቢቸናው፦ እግዚአብሔር ይስጥልን። ሰኞ መዝገብ ቤት እሄዳለሁ። ለእኔ ኮፒ ይሰጡኛል?

ጠበቃ ከማርቆስ፦ ላይሰጡህ ይችላሉ። ወንድምህ በማረሚያ ቤቱ በኩል በጽሑፍ ይጠይቅ። የመዝገቡን ቁጥር ይዘህ ሂድ።