ጥቆማ፦ ወደ ቾኬኪራው ስትወጡ ማንን ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል?

ፔሩ ድረስ ተጉዞ ማቹ ፒቹን ብቻ አይቶ መመለስ ለማይዋጥላችሁ ነው ይህ ጥቆማ። ቾኬኪራውም እንደ ማቹ ፒቹ የጥንቶቹ ኢንካዎች ፍርስራሽ ከተማ ነው፤ ግን ባቡርም አውቶቡስም አይደርሰውም። የሚያደርሰው እግርና በቅሎ ነው። ለዚህም ይመስለኛል ማቹ ፒቹ ላይ ሰው ለሰው ሲጋፋ እዚህ ጥቂት መንገደኞች ብቻ የምታገኙት።

ስለ ዋጋ ከማውራታችን በፊት መንገዱን እንይ። መነሻው ካቾራ የምትባል መንደር ናት፤ ከኩስኮ ከተማ በመኪና አራት ሰዓት ገደማ ትርቃለች። ከካቾራ ካፑሊዮክ የሚባል አፋፍ ላይ ትደርሳላችሁ። ከፍታው 2,900 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ 1,500 ሜትር አካባቢ ላይ እስካለው የአፑሪማክ ወንዝ ድረስ ቁልቁለት ነው። ድልድዩን ተሻግራችሁ ደግሞ የወረዳችሁትን ያህል ትወጣላችሁ። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ዓባይን ተሻግሮ ደጀን በእግሩ የወጣ ሰው ካለ፣ እሱ ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። ደርሶ መልሱ ከካቾራ 60 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ከፍታው ብዙም አያስቸግርም፤ የሚፈትናችሁ ጉልበትና ሙቀት ነው።

የመጀመሪያው ምርጫ የኩስኮ ድርጅቶች ሙሉ ጥቅል ነው። መኪናው፣ አስጎብኚው፣ ምግብ አብሳዩ፣ በቅሎው፣ ድንኳኑ ሁሉ በአንድ ሒሳብ። ምቹ ነው፣ ውድ ነው። የአራት ቀንና የአምስት ቀን አለው፤ የአራት ቀኑን ተዉት። ላባችሁን አፍስሳችሁ ደርሳችሁ ፍርስራሹን እየሮጣችሁ ነው የምታዩት። በተለይ ላማዎቹ ያመልጧችኋል። የእርከኖቹ ግድግዳ ላይ በነጭ ድንጋይ የተሠሩ የላማ (የግመል ዘመድ የሆነው የዚያ አገር የጭነት እንስሳ) ምስሎች ናቸው። ከዋናው አደባባይ በገደሉ በኩል ብዙ ደረጃ መውረድ ይጠይቃል፤ የወረደ ደግሞ መውጣት አለበት። ጊዜ ያጠረው አስጎብኚ መጀመሪያ የሚዘለው እነሱን ነው። ለእኔ ግን ከቦታው ሁሉ የሚበልጡት እነሱ ናቸው።

ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር በጽሑፍ ይስጧችሁ፦ ስንት በቅሎ አለ፣ ለአንድ ሰው ስንት ኪሎ ይጫናል? እኔን የወሰደኝ ድርጅት፣ ስሙ ይቅር፣ «ሻንጣችሁ ይጫናል» ብሎ ነበር። ጠዋት ላይ በቅሎዋ ድንኳንና ጋዝ ብቻ ተጭና እየተቀናጣች ስትሄድ እኛ ሻንጣችንን አዝለን ከኋላ ተከተልን። ብንጨቃጨቅም «ኮንትራቱ ላይ የለም» ተባልን። እውነትም የለም።

ሁለተኛው ምርጫ ካቾራ ገብቶ አሪዬሮ መያዝ ነው፤ ባለ በቅሎ ማለት ነው። የሰውየው የቀን ሒሳብ ለብቻ፣ የበቅሎው ለብቻ ነው፤ የሚመለስበትም ቀን ይቆጠራል። ምግብና ማደሪያ በመንገድ ላይ አይጠፋም። ቺኪስካ፣ ሳንታ ሮሳና ማራምፓታ ላይ የሚኖሩ ቤተሰቦች ድንኳን መትከያ ይሰጣሉ፣ ሾርባና ሩዝ በእንቁላል ይሠራሉ። ከቻላችሁ ሁለተኛውን ሌሊት ማራምፓታ እደሩ፤ ከዚያ ፍርስራሹ ቅርብ ነው። ችግሩ ቋንቋ ነው። እዚያ የሚነገረው ኬቹዋና ስፓኒሽ ነው፣ በእንግሊዝኛ አትግባቡም።

የእኔ ምክር ሁለቱን መቀላቀል ነው። ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ብቻ ከኩስኮ ያዙ፣ በቅሎውን ከካቾራ። ከተማው አብዛኛው ገና ጫካ ውስጥ ነው፤ የሚያስረዳ ሰው ከሌለ ድንጋይ አይታችሁ ነው የምትመለሱት። ገንዘቡም መንደሩ ውስጥ ይቀራል። ብቻዬን፣ ሁሉን ተሸክሜ የሚል ጎበዝም አይጠፋም። ይቻላል። ዳገቱ ላይ ግን በቅሎ ያየ ሰው ይቀናል።

«ወደ ማቹ ፒቹ በእግር የሚያደርሰው ታዋቂው የኢንካ መንገድስ?» ለምትሉ፣ እሱ ሌላ ጣጣ አለው። በቀን የሚገባው 500 ሰው ነው፣ ተሸካሚውና አስጎብኚው ተቆጥሮ። ያለ ድርጅት አይገባም፣ ፌብሩዋሪን በሙሉ ዝግ ነው፣ ፈቃዱም ከወራት በፊት ያልቃል። እዚያ ጭነቱን የሚይዘው ሰው ስለሆነ፣ ድርጅቱ ለተሸካሚዎቹ የተደነገገውን የ20 ኪሎ ጣሪያ ያከብር እንደሆነ ጠይቁ። ሳልካንታይ የሚባለው ሌላው የእግር መንገድ ፈቃድ አይፈልግም፤ ግን 4,600 ሜትር ላይ ያለውን የተራራ መሻገሪያ ማለፍ አለ፣ ብርዱም አጥንት ይሰብራል።

ዕቃ ላይ ብዙ አትጨነቁ። ስሊፒንግ ባግና መመርኮዣ ዱላ ኩስኮ ይከራያል፤ ዚፑን እዚያው ከፍታችሁ ዝጉት፣ ውስጡንም አሽትቱት። ጫማ ግን ከቤት የለመዳችሁት ይሁን። ወንዙ ዳር ፕላያ ሮሳሊና ላይ ጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች አሉ፣ ቁምጣ ለብሳችሁ እንዳትደርሱ። የግንባር ባትሪ ያዙ፤ ዳገቱን ጎህ ሳይቀድ ካልጀመራችሁት ፀሐይ ትጨርሳችኋለች። የውኃ ማከሚያ ክኒንና ዝርዝር ሶል (የፔሩ ገንዘብ) አይቅር፣ መንገድ ላይ ካርድ የሚቀበል የለም።

ጥሩው ወቅት ከግንቦት እስከ መስከረም ነው፤ እኛ ክረምት ላይ ስንሆን እነሱ በጋ ናቸው። ኩስኮ 3,400 ሜትር ላይ ስለሆነች ከዋሽንግተን አካባቢ የምትመጡ ሁለት ቀን እረፉባት። የአዲስ አበባ ሰው ትንሽ ይሻለዋል፣ እሱም ቢሆን አይጀነን። ሆቴሉ የኮካ ሻይ ያቀርብላችኋል፣ ጠጡት። ወደ አሜሪካ የምትመለሱ ግን እዚያው ጨርሱት፤ የሻይ ከረጢት ውስጥ ቢሆንም የኮካ ቅጠል በጉምሩክ አያልፍም።