አዲስ የፋይበር ቻናል ስዊች፦ የፖርቱ መብራት በርቷል፣ ሰርቨሩ ግን ዲስኩን አያይም

ራክ_42
ሰላም ለሁላችሁ። 24 ፖርት ያላቸው ሁለት የብሮኬድ ስዊቾች፣ ሁለት ሰርቨሮችና ባለ ሁለት ኮንትሮለር ስቶሬጅ (ሰርቨሮቹ የሚጋሩት የዲስክ ሳጥን) አሉ። ስዊቾቹ ሰርቨሮቹን ከስቶሬጁ ጋር የሚያገናኙ ናቸው። ሁለቱንም ስዊች አስነስቼ ኔትወርክ ላይ ሰክቻለሁ፤ አንዱ አንዴ ይገኛል፣ አንዴ ይጠፋል። የሰርቨሩም የስቶሬጁም ፖርት አረንጓዴ ያበራል፣ ዲስኩ ግን አይታይም። አሮጌው ሰርቨር የገባበት ፖርት ጭራሽ አይነሳም። ስዊቾቹን እርስ በርስ ላገናኛቸው?

ዞን_ጠባቂ
አታገናኛቸው! ሁለት የሆኑት ሁለት የተለያዩ መንገዶች እንዲኖሩህ ነው። ካገናኘሃቸው አንድ ፋብሪክ (አንድ የጋራ የስዊች ኔትወርክ) ይሆናሉ፤ ዞን (የትኛው ፖርት ከየትኛው ጋር መገናኘት እንደሚችል የሚወስነው ዝርዝር) ላይ የሚፈጠር አንድ ስህተት ሁለቱንም መንገድ ባንዴ ይዘጋል። ከየሰርቨሩ አንዱ ፖርት ወደ ስዊች ሀ፣ ሌላው ወደ ስዊች ለ ይሂድ። ከየኮንትሮለሩም እንደዚሁ።

አንዴ መገኘት አንዴ መጥፋቱ የአይፒ ግጭት ይመስላል፤ ሁለቱም ከፋብሪካ ሲወጡ 10.77.77.77 ናቸው። የኔትወርክ ገመዳቸውን ንቀልና በሲሪያል ገመድ አንድ በአንድ ግባ፦ ፍጥነት 9600፣ 8 ዳታ ቢት፣ ፓሪቲ የለም፣ 1 ስቶፕ ቢት። ኃይል ካገኘ በኋላ ራሱን ፈትሾ እስኪጨርስ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል፤ ዘገየ ብለህ አትንቀለው። አይፒ፣ ማስክና ጌትዌይ ስጠው፣ የይለፍ ቃሎቹን ቀይር፣ ሰዓቱንም ከታይም ሰርቨር ጋር አገናኝ። የሁለቱ ስዊች ሰዓት ካልገጠመ ኋላ ሎግ ማነጻጸር ስቃይ ነው። ዶሜይን አይዲውን (ስዊቹ በፋብሪኩ ውስጥ የሚለይበትን ቁጥር፣ ከ1 እስከ 239) መለወጥ ከፈለግህ አሁኑኑ ለውጥ፤ ለዚያ ስዊቹ በትእዛዝ መዘጋት (ዲሴብል መደረግ) አለበት፣ ሲዘጋም ፖርቶቹ ሁሉ ይወርዳሉ።

ፋይበር_ለ
ዲስኩን በተመለከተ፦ አረንጓዴ መብራት የሚነግርህ ሊንኩ መነሳቱን ብቻ ነው። ዞን ሠርተሃል? ለእያንዳንዱ የሰርቨር ፖርት አንድ ዞን ክፈት፤ ውስጡ ያ አንድ ፖርትና የስቶሬጁ ፖርቶች ብቻ ይሁኑ። ሁለት ሰርቨር በአንድ ዞን አታስገባ።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው፣ ዞን ውስጥ ሲያስገባ የፖርቱን ስም (የራሱን ልዩ መለያ) ትቶ የካርዱን ስም፣ ማለትም የኖዱን፣ መገልበጥ ነው። ሁለቱም 16 አኃዝ ስለሆኑ በቀላሉ ይምታታሉ፤ ስለዚህ ከስዊቹ ኔም ሰርቨር (የተገናኙት መሣሪያዎች መዝገብ) ላይ የፖርቱን ስም ቅዳ፣ በእጅ አትጻፍ። ሁለተኛው፣ የዞኑን ኮንፊግ ሴቭ አድርጎ ኢኔብል አለማድረግ ነው። ሴቭ ያስቀምጠዋል እንጂ ሥራ ላይ አያውለውም።

ከዚያ ስቶሬጁ ላይ ሰርቨሩን መዝግበህ ዲስኩን ስጠው፣ ሰርቨሩንም ሪስካን አድርግ (ዲስኮችን እንደገና ይፈልግ)። ከላይ በተባለው አገናኝ ለእያንዳንዱ ዲስክ 4 መንገድ መታየት አለበት። 2 ብቻ ካየህ አንደኛው ፋብሪክ ላይ ዞን ወይም ገመድ ጎድሏል።

ዞን_ጠባቂ
የአሮጌው ሰርቨር ካርድ ስንት ጊጋ ነው? ስዊቹ ላይ ያለው ኤስኤፍፒስ (ፖርቱ ውስጥ የሚገባው፣ ገመዱ የሚሰካበት ሞጁል)?

ራክ_42
ካርዱ 4፣ ኤስኤፍፒው 32።

ዞን_ጠባቂ
እንግዲያው አይነሳም፤ የፖርቱን ፍጥነት በእጅ ብታስተካክልም ለውጥ የለውም። ባለ 32 ኤስኤፍፒ የሚሠራው በ32፣ በ16 እና በ8 ነው። ባለ 16ቱ እስከ 4 ይወርዳል፤ ስዊቹ የሚቀበለውን ዓይነት ለዚያ ፖርት ብቻ አስገባ፣ ወይም የሰርቨሩን ካርድ ቀይር። ያን አድርገህም ካልተነሳ ፖርቱ ላይሰንስ እንዳለው እይ፤ 24 ፖርት ያለው ሳጥን ሁሉም ተከፍተውለት ላይመጣ ይችላል።

ፋይበር_ለ
በዚያው የገመዱን ጫፍ ሳትጠርግ አትሰካ።