«ካባላ» በአማርኛ ምን ይባላል? ከጽፋት ጉዞ የተነሣ የቃል ጥያቄ

ጥያቄ

የተከበራችሁ የቃል ወዳጆች፣ ከጥቂት ወራት በፊት በላይኛው ገሊላ ተራራ ላይ ያለችውን ጽፋትን አይቼ ተመልሻለሁ። የጉዞ ማስታወሻዬን በአማርኛ መጻፍ ስጀምር ግን ገና በመጀመሪያው ገጽ አንድ ቃል አላራምድ አለኝ። እዚያ ሳለሁ በእጄ የገባው የአማርኛ መግለጫ ወረቀት «ጽፋት የአይሁድ ጥንቆላ ማዕከል ናት» ይላል። ያየሁት ነገር ከዚህ በጣም የራቀ ነበር። በጠባቡ ደረጃማ መንገድ ዳር ባሉ ምኩራቦች ሽማግሌዎች መጽሐፍ ዘርግተው በአንዲት ዐረፍተ ነገር ሲከራከሩ ሰምቻለሁ፤ ዓርብ ሲመሽም ነጭ የለበሱ ሰዎች እየዘመሩ ሰንበትን ሲጠብቁ አይቻለሁ። መግለጫው «ጥንቆላ» ያለውን የአይሁድ ስውር ትምህርት «ካባላ» በሚለው ስሙ እንዳለ ብተወው ለአንባቢዬ ባዶ ድምፅ ይሆንበታል፤ «ምሥጢራዊ ትምህርት» ብለው ደግሞ የማንም ሃይማኖት ሊሆን ይችላል። ቃሉ በገዛ ቋንቋው ምን ማለት ነው? ለአማርኛስ የትኛው ቃል ይቀርበዋል? ከዚሁ ጋር፣ የጽፋት ስም ከእኛው «ተስፋ» ጋር አንድ ነው ያለኝ መንገደኛ ነበርና እውነት እንደ ሆነ አስረዱኝ።

መልስ

«ጥንቆላ» የሚለውን ትርጉም አለመቀበልዎ ተገቢ ነው። ጠንቋይ የሚባለው የተሰወረውንና የሚመጣውን አውቃለሁ ብሎ ለጠያቂ የሚናገር ሰው ሲሆን የጽፋት ሊቃውንት ሥራ ይህ አልነበረም። በካባላ ታሪክ ውስጥ በአምላክ ስሞችና በክታብ የሚሠራ ዘርፍ እንደ ነበረ አይካድም፤ ለእርሱም ቢሆን የሚቀርበው ቃል «አስማት» ነው፣ ምክንያቱም «አስማት» በግእዝ «ስሞች» ማለት ነውና። ዋናው ትምህርት ግን ስለ አምላክ መገለጥ፣ ስለ ፍጥረትና ስለ ጸሎት ነው።

አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ። ሥሩ ቀ-በ-ለ ነው። ይህ ሥር ለዕብራይስጥ ‹ቂቤል›ን፣ ለግእዝና ለአማርኛ «ተቀበለ»ን ሰጥቷል፤ በትርጉምም አልተለያዩም። ‹ካባላ› (ዕብራይስጡን ተከትሎ ‹ቃባላ› ቢጻፍ ይሻል ነበር) ከዚህ ግስ የወጣ ስም ሲሆን መቀበልን፣ ደግሞም የተቀበሉትን ነገር ያመለክታል። በመጽሐፈ አስቴር ምዕራፍ 9 አይሁድ የፉሪምን በዓል በራሳቸውና በዘራቸው ላይ ሥርዐት አድርገው እንደ ተቀበሉ ሲነገር በዕብራይስጡ ያለው ግስ ይኸው ነው። የአይሁድ መምህራን የቃል ሕግ ስብስብ በሆነው በሚሽና ውስጥ «አበው» የተባለው ክፍል ሲጀምርም ሙሴ ኦሪትን ከሲና ተቀበለ፣ ለኢያሱም አስረከበ፣ ኢያሱም ለሽማግሌዎች፣ ሽማግሌዎችም ለነቢያት አስረከቡ ይላል። ስለዚህ ቃሉ በመጀመሪያ ምሥጢርነት አልነበረውም፤ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቅብብሎሽ የመጣ ትምህርት ሁሉ ካባላ ሊባል ይችል ነበር። በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፕሮቫንስ (በደቡብ ፈረንሳይ) እና በስፔን የነበሩ ሊቃውንት ለጥቂቶች ብቻ በሹክሹክታ ይተላለፍ ለነበረው ትምህርት ስሙን ሰጡት፤ ከዚያ ወዲህ ጠባቡ ትርጉም ሰፊውን ሸፈነው። ሆኖም ሰፊው አልሞተም። ዛሬ በእስራኤል ዕቃ ገዝተው የሚሰጥዎት ደረሰኝ ‹ቃባላ› ይባላል፤ በሆቴል መግቢያ እንግዳ የሚመዘገብበት ጠረጴዛም እንዲሁ። ጠያቂያችን ጽፋት ሆቴል አድረው ከሆነ ቃሉን ከሊቃውንቱ በፊት በዚያ አግኝተውታል ማለት ነው።

እንግዲህ አማርኛ የራሱ ቃል አለው፤ «ቅበላ»። የእኔ ምርጫ «ካባላን» ለስምነት ጠብቆ፣ በመጀመሪያ በሚነሣበት ቦታ «ቅበላ ማለት ነው፤ ከቀደሙት የተቀበሉት ትምህርት» ብሎ መፍታት ነው።

የጽፋትን ስም በተመለከተ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፍች ማየትን፣ ከከፍታ ሆኖ መጠበቅን ከሚያመለክተው ጸ-ፈ-ሀ ጋር የሚያያይዘው ነው፤ ከተማይቱ ወደ 900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆና የሜሮን ተራራን ፊት ለፊት ስለምታይ ፍቹ ለቦታው ይስማማል። «ተስፋ» ግን የሚነሣው ከግእዙ ሰ-ፈ-ወ ነው። የዕብራይስጡ ፊደል ‹ጻዴ› በግእዝ «ጸ» ወይም «ፀ» ሆኖ ይጠበቃል እንጂ «ሰ» ሆኖ አይደለም፤ ስለዚህ በድምፅ መመሳሰል ብቻ ዝምድናውን መቀበል አልችልም።

ተቃውሞ

የወንድማችን ማብራሪያ ደስ አሰኝቶኛል፤ በ«ቅበላ» ላይ ግን አልስማማም። ለአማርኛ አንባቢ ቅበላ ማለት ጾም ከመግባቱ በፊት የፍስክ ምግብ የሚበላበት ጊዜ ነው፤ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ደግሞ «የአዲስ ተማሪዎች ቅበላ» እንላለን። አንባቢው ጽፋትን የሥጋ ድግስ ከተማ አድርጎ ሊያስባት ይችላል። ለምን «ትውፊት» አንልም? ክብር ያለው፣ ለሃይማኖት ነገር የተለመደ ቃል ነው።

መልስ ለተቃውሞው

«ትውፊት» መልካም ቃል ነው፤ ነገር ግን የሌላው የዕብራይስጥ ቃል ጥንድ ነው። «ትውፊት» የተገኘው «አወፈየ» ማለትም «አስረከበ» ከሚለው የግእዝ ግስ ነው፤ በዕብራይስጥ አሳልፎ መስጠትን ከሚያሳየው መ-ሰ-ረ የወጣው ‹ማሶሬት› ለእርሱ ይመጥነዋል። ከላይ የጠቀስኩትን የ«አበው»ን መክፈቻ ብናይ ሁለቱም ግሶች በአንድ መስመር ላይ ቆመዋል፦ ሙሴ ተቀበለ፣ አስረከበ። ትውፊት ከሰጪው ወገን ያለው ስም፣ ቅበላ ከተቀባዩ ወገን ያለው ስም ነው። ካባላን የሚማር ሰው በዕብራይስጥ የሚጠራበት ‹መቁባል› የሚለው ስምም ከዚሁ ከቀ-በ-ለ የወጣ ነው።

ስለ ጾም ቅበላ የተነሣው ሐሳብ ደግሞ ለእኔ መሰናክል ሳይሆን ድጋፍ ነው። ስሙ በመጀመሪያ የመብሉ አይደለም፤ የሚመጣውን ጾም እንደ እንግዳ ወጥቶ የመቀበል ስም ነው። ግእዙ «ተቀበለ» በእጅ መያዝን ብቻ ሳይሆን ለሚመጣው ሰው ወደ መንገድ ወጥቶ መገናኘትን ይይዛል፤ ይህ አሳብ በጽፋት በገሃድ ተፈጽሟል። ዓርብ ሲመሽ የሚደረገው ጸሎት በዕብራይስጥ ‹ካባላት ሻባት› ይባላል። በአማርኛ ያለ ምንም መጨመርና መቀነስ «የሰንበት ቅበላ» ማለት ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የከተማይቱ ሊቃውንት ፀሐይ ሳትጠልቅ ነጭ ለብሰው ወደ ሜዳ እየወጡ ሰንበትን እንደ ንግሥትና እንደ ሙሽራ ይቀበሏት ነበር። አሳቡ የአይሁድ ሊቃውንት የሕግና የትርጓሜ መጽሐፍ ከሆነው ከታልሙድ የመጣ ነው፤ በዚያ አንድ ሊቅ ልብሱን ተጎናጽፎ ኑ፣ ንግሥቲቱን ሰንበት ለመቀበል እንውጣ ይል እንደ ነበር ተጽፏል። በጽፋት የኖረው ሰሎሞን አልቃቤጽ ከዚሁ አሳብ ተነሥቶ ‹ሌካ ዶዲ›፣ «ወዳጄ ሆይ፣ ና» ብሎ የሚጀምረውን መዝሙር ደረሰ፤ የመጀመሪያዎቹ ስምንት አንጓዎች መነሻ ፊደላት ሲገጣጠሙ «ሰሎሞን ሌዋዊ» የሚለውን ስሙን ያወጣሉ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያሉ ምኩራቦች ዓርብ ማታ ይህን ይዘምራሉ፤ መጨረሻው አንጓ ላይ ሲደርሱም ፊታቸውን ወደ መግቢያው አዙረው ለምትመጣው ሙሽራ ጎንበስ ይላሉ። ታዲያ «ቅበላ» ከሚለው ቃል የተሻለ ምን ይገኛል?

ተጨማሪ ጥያቄ ከጠያቂው

አመሰግናለሁ፤ በዚህ ረክቻለሁ። አስጎብኚያችን ደጋግሞ ያነሣቸው ሌሎች ቃላትም አሉ፦ ‹ስፊሮት›፣ ‹ጺምጹም›፣ ‹ሸቪራ›፣ ‹ቲኩን›። የሊቁ የአሪ ትምህርት ናቸው ብሎናል። እነዚህስ በአማርኛ መቆም ይችላሉ?

መልስ

አሪ የሚሉት ይስሐቅ ሉሪያን ነው፤ ቅጽሉ በዕብራይስጥ «አንበሳ» ማለት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1534 በኢየሩሳሌም ተወልዶ በግብፅ አደገ፤ ወደ ጽፋት የመጣው በ1570 ሲሆን በ1572 በወረርሽኝ ሞተ። እዚያ ያስተማረው ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነው፤ ራሱ የጻፈውም እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ትምህርቱን በአብዛኛው ያቆየልን ደቀ መዝሙሩ ሐይም ቪታል ነው። ቅበላ የሚለው ስም በእውነተኛ ትርጉሙ የሚታየው በእነዚህ በሁለቱ ሰዎች መካከል ይመስለኛል።

‹ስፊሮት› ዐሥር ናቸው፤ ሥራቸው ሰ-ፈ-ረ ነው። በዕብራይስጥ መቁጠር፣ በእኛ ዘንድ እህልን በመስፈሪያ መለካት ነው። ካባሊስቶች አምላክን በማይደረስበት ባሕርዩ ‹ኤን ሶፍ›፣ «ፍጻሜ የሌለው» ይሉታል፤ ስፊሮት ደግሞ ያ ፍጻሜ የሌለው የሚገለጥባቸው ዐሥር ስፍሮች ናቸው። አማርኛ «ስፍር ቁጥር የሌለው» ሲል የሥሩን ሁለት ትርጉሞች ጎን ለጎን አስቀምጧል፤ ይህን ፈሊጥ የሚያውቅ አንባቢ ስፍር የሌለው በስፍር ሲገለጥ ምን ያህል ድንቅ እንደ ሆነ ያለ ረጅም ሐተታ ይገባዋል። ከካባሊስቶች መካከል ቃሉን ከሰንፔር ድንጋይ ብርሃን ጋር ያያያዙትም እንዳሉ ልብ ይሏል።

‹ሸቪራ› ቀላል ነው፤ ሰ-በ-ረ ነው፣ «ስብራት»። ‹ሸቪራት ሀኬሊም› የዕቃዎቹ ስብራት ማለት ሲሆን መለኮታዊውን ብርሃን እንዲይዙ የተዘጋጁት ዕቃዎች ሊሸከሙት ስላልቻሉ ተሰበሩ፣ ፍንጣሪዎቹም በዓለም ተበተኑ ማለት ነው።

‹ጺምጹም› ይከብዳል። «መኮማተር» ብለው የሚተረጉሙ አሉ፤ ነገር ግን ይህ ቃል ብርድ ያገኘውን ሰውነትና የደረቀ ቆዳን ያስታውሰኛል። አሳቡ ፍጻሜ የሌለው አምላክ ለፍጥረት ስፍራ እንዲገኝ ራሱን ሰብሰብ አደረገ የሚል ነው። በጠባብ ቤት ውስጥ ሽማግሌ ሲገባ ቀድሞ የተቀመጠው ሰው ሰብሰብ ብሎ ቦታ ይለቃል፤ ይህ በግድ አይደለም፣ ለሌላው ሲል ነው። ስለዚህ «መሰብሰብ» ወይም ሲብራራ «ሰብሰብ ብሎ ስፍራ መልቀቅ» ብል እመርጣለሁ።

‹ቲኩን›ን ብዙዎች «ጥገና» ይሉታል። ጥገና የጣሪያና የመንገድ ነው። መጽሐፈ መክብብ 1፥15 «ጠማማ ይቀና ዘንድ አይችልም» የሚለው ቃል በዕብራይስጡ ያለው ግስ ተ-ቀ-ነ ነው፤ ቲኩንም ከእርሱ የወጣ ነው። የቀደሙት ተርጓሚዎቻችን «ቀና» ብለው አስቀድመው መንገዱን ስላሳዩን «ማቅናት» ወይም «ማቃናት» እንበል። እንደ ሉሪያ ትምህርት የሰው ጸሎትና መልካም ሥራ የተበተኑትን ፍንጣሪዎች እየሰበሰበ ዓለሙን ያቃናዋል።

ከአንዲት አባል

እኔ የምኖረው በእስራኤል ሰሜን ነው፤ ወላጆቼ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1984 በሱዳን በኩል የመጡ ቤተ እስራኤል ናቸው። ከላይ ስለ ሰንበት የተባለውን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኛ በአገር ቤት ሳለን ታልሙድንም ካባላንም አናውቅም ነበር፤ የነበረን ኦሪትና የቄሶቻችን ትምህርት ነው። ነገር ግን በግእዝ የተጻፈው «ትእዛዘ ሰንበት» ሰንበትን እንደ ሴት አካል አድርጎ፣ በአምላክ ፊት ቆማ ስለ ሕዝቧ የምትማልድ አድርጎ ይናገራታል። አያቴ በአገር ቤት የሰማችው ይህን ነበር። ስለዚህ በዚህ አገር ምኩራብ ሰዎች ለሙሽራዋ ወደ መግቢያው ሲዞሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ባየሁ ቀን እንግዳ አልሆነብኝም። አንዱ ከሌላው ወስዷል አልልም፤ ሁለት የተራራቁ ማኅበረሰቦች ሰንበትን በሴት አንቀጽ መጥራታቸው ግን ጠያቂያችን በማስታወሻቸው ሊይዙት የሚገባ ይመስለኛል።

የመጨረሻ ጥያቄ ከጠያቂው

እኅታችን፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ በእርግጥ እይዘዋለሁ። አንድ ነገር ቀርቶኛል። ራሴን ምን ልበል? «ቱሪስት» ማለት አልወደድኩም፤ «ተሳላሚ» ማለትም ፈራሁ።

መልስ

«ተሳላሚ» ለኢየሩሳሌም መንገደኞች ከጥንት ጀምሮ የተሰጠ ክቡር ስም ነው፤ በውስጡ ግን ደጁን መሳም፣ ስእለትን ማድረስ አለበት፤ ይህን ካላደረጉ ባይወስዱት ይሻላል። የሞሮኮ አይሁድ ወደ ጻድቃን መቃብር የሚያደርጉትን ጉዞ በዐረብኛ ቃል ‹ዚያራ› ይሉታል፤ የእኛ አገር ሙስሊሞችም ወደ ባሌ ሼክ ሑሴን ሲሄዱ «ዚያራ» እንደሚሉ ያውቃሉ። በጽፋት የድሮ መቃብር ወደ አሪ መቃብር ቁልቁል የሚወርዱት ሰዎች ጉዞ የሚጠራው በዚህ ቢሆን ለአንባቢ ግልጽ ነው። ለእርስዎ ግን «መንገደኛ» የሚለው ቃል ይበቃል ብዬ አስባለሁ።

ሰማያዊ ቀለም ስለ ተቀቡት የጽፋት በሮችም አንድ ቃል ልጨምር። በጽፋት የድሮው ሰፈር በሮችና መቃብሮች ሰማያዊ የሚቀቡት ሰማይን ለማሳሰብ ነው ይላሉ። በብዙ ቋንቋ ይህን ለማስረዳት ሁለት ቃል ያስፈልጋል፤ በአማርኛ ግን «ሰማያዊ በር» ብለው ቢጽፉ ቀለሙንም ከሰማይ መሆኑንም በአንድ ጊዜ ተናግረዋልና ማብራሪያ አይጨምሩበት።

ከጠያቂው

እንግዲያስ የመግለጫውን ዐረፍተ ነገር ትቼ እንዲህ ጽፌዋለሁ፦ «ጽፋት ካባላ፣ ማለትም ከቀደሙት የተቀበሉት ትምህርት፣ ያበበባት ከተማ ናት፤ ዓርብ ማታ ከሰማያዊ በሮቿ ወጥተው ሰንበትን የሚቀበሉ ሰዎችን አይቻለሁ።» ቀጥዬም «ሰንበት ገባች» ብያለሁ፤ «ገባ» የሚለውን ሰርዤዋለሁ።