ሩት ካናል ልሠራ ነው፤ ምን ይጠብቀኛል?

የአዳማዋ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። በግራ በኩል ከታች ያለው የመጀመሪያው ትልቁ መንጋጋዬ ቀዝቃዛ ውኃ ከነካው ሕመሙ ቶሎ አይለቅም፤ ማታ ጋደም ስል ደግሞ ይብሳል። ራጅ ተነስቼ ሐኪሟ «ቦርቡሮ ነርቩ ጋ ደርሷል፤ ነርቩ ወጥቶ ሩት ካናል ተሠርቶ ጥርሱን የሚሸፍን ካፕ ይደረግለታል» አለችኝ። ቀጠሮዬ የሚመጣው ሳምንት ነው። ምን እንደሚደረግ፣ ምን ያህል እንደሚያምና ስንት ቀጠሮ እንደሚፈጅ የምታውቁ ንገሩኝ። ቤት ያሉት «ነቅለሽው ተገላገይ» ይሉኛል፤ እሱስ አይሻልም?

ሥር ፈላጊ፦
እህቴ፣ ቀዝቃዛው ከተነሳ በኋላ ሕመሙ ግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ማታም ካስነሳሽ፣ ነርቩ ተቆጥቶ ወደ ቀድሞው የማይመለስበት ደረጃ ደርሷል ማለት ነው። መሙላት ብቻውን አያድነውም።

ሥራው በማደንዘዣ ይጀምራል። ለታች መንጋጋ መርፌው ጥርሱ አጠገብ አይወጋም፤ ከጥርሶቹ ኋላ፣ ነርቩ ወደ አጥንቱ ከሚገባበት አካባቢ ነው። ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ የከንፈርሽና የምላስሽ ግራ ጎን ይደነዝዛል። መድኃኒቱ ላይ አድሬናሊን ስለሚጨመር ልብሽ ለ1 ወይም ለ2 ደቂቃ ፈጠን ቢል አትደንግጪ፤ ያልፋል።

ቀጥሎ ጥርሱ ብቻውን በቀዳዳ እንዲወጣ ተደርጎ ቀጭን ላስቲክ ይወጠርበታል። ይህን ላስቲክ የማይጠቀሙ አሉ፤ ከመጀመርሽ በፊት ጠይቂ። ምራቅ ከነጀርሙ ወደተጸዳው ጥርስ እንዳይገባ፣ ማጠቢያው ወደ ጉሮሮሽ እንዳይወርድ፣ ቀጫጭኖቹ መሣሪያዎች ድንገት እንዳይዋጡ የሚከላከለው እሱ ነው።

ከዚያ ጥርሱ ከላይ ይከፈትና የነርቩ ቦዮች ይፈለጋሉ። የታችኛው የመጀመሪያ መንጋጋ በአብዛኛው 2 ሥርና 3 ቦይ አለው፤ 4 ቦይ መገኘቱም ብርቅ አይደለም። የቦዩ ርዝመት የሚለካው ከንፈርሽ ላይ መንጠቆ በሚያንጠለጥል ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ቦዩ ውስጥ የሚገባው ፋይል (መፋቂያ) ወደ ሥሩ ጫፍ ሲቃረብ መሣሪያው ይጮኻል። በራጅም ይረጋገጣል። ሥራው ከሥሩ ጫፍ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊሜትር መለስ ብሎ መቆም አለበት። ካለፈ አጥንቱን ይቆጣል፤ በጣም ካጠረ ደግሞ የበሰበሰ ነገር ትቶ ይወጣል።

ፋይሎቹ መርፌ የሚመስሉ ቀጫጭን መፋቂያዎች ናቸው። ቁጥር 10 ጫፉ 0.10 ሚሊሜትር ነው፤ ቁጥር 25 ደግሞ 0.25። ከቀጭኑ ተነስቶ ቦዩን እያሰፋ ይሄዳል፤ በየመሃሉም በሶዲየም ሃይፖክሎራይት ይታጠባል፤ በረኪና ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ነው፤ ሽታው ከመጣብሽ ያው ነው። ፋይል ዋናውን ቦይ ቢፍቅም ቅርንጫፎቹ ውስጥ አይገባም፤ እዚያ ያለውን የሚያሟሟው ማጠቢያው ስለሆነ እሱ ላይ የሚቸኩል ሐኪም ጥሩ አይደለም። መጨረሻ ላይ ቦዩ ደርቆ ጉታ ፐርቻ በሚባል ጎማ መሰል ነገርና በማጣበቂያ ይሞላል። ለመንጋጋ አንድ ቀጠሮ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይፈጃል።

ድድ በድድ፦
ስለ ሕመሙ። ነርቩ ሞቶ መግል የያዘ ጥርስ ሲሠራ ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም ማለት ይቻላል። አስቸጋሪው እንዳንቺ ያለው ነው፤ ነርቩ ሕያው ሆኖ የተቆጣ የታች መንጋጋ። ከንፈርሽ ሙሉ በሙሉ ደንዝዞም ጥርሱ ሲነካ ሊሰማሽ ይችላል፤ የተቆጣ ነርቭ ለማደንዘዣ በቀላሉ አይረታም። ይህ ሲሆን «ቻይ፣ ትንሽ ነው የቀረው» መባል የለብሽም። መፍትሔ አለው፦ ተጨማሪ መርፌ በጉንጭ በኩል (አርቲኬይን የሚባለው ማደንዘዣ ካለ ይመረጣል)፣ በጥርሱና በአጥንቱ መሃል ባለው ጅማት፣ አለዚያም ነርቩ ላይ በቀጥታ። የመጨረሻው ለጥቂት ሰከንድ ያማል፤ ግን ወዲያው ይይዛል። ከመጀመሩ በፊት እጅ ሲነሳ ሥራው እንዲቆም ተስማሙ።

ጨጓራም ኩላሊትም የማያስቸግርሽ ከሆነ ከቀጠሮው 1 ሰዓት በፊት ኢቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም መውሰድ ማደንዘዣው እንዲይዝ ይረዳል። በልተሽ ሂጂ፤ ጾም ላይ ከሆንሽ ቀጠሮውን ከምግብ በኋላ ወዳለ ሰዓት አዙሪው። በባዶ ሆድና በፍርሃት መርፌ ሲወጉ ራሳቸውን የሚስቱ ጥቂት አይደሉም።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ሳያደነዝዙ «ነርቩን የሚገድል መድኃኒት» ጥርሱ ውስጥ አድርገው «ከሳምንት በኋላ ተመለሺ» ካሉሽ ምን እንደሆነ ጠይቂ። አርሴኒክ ወይም ፓራፎርማልዴሃይድ ያለበት ከሆነ እምቢ በይ። በትንሽ ክፍተት ካፈተለከ ድዱንና አጥንቱን ጭምር ይገድላል።

ሰላሌ፦
2 ወይም 3 ቀጠሮ ነው። መጀመሪያ ይጸዳል፣ መድኃኒት ይገባል፣ ከዚያ ይሞላል። በአንድ ቀን እንጨርሳለን የሚሉሽን አትመኚ።

ሥር ፈላጊ፦
ሰላሌ፣ ይሄ እንኳ ልክ አይደለም። የእሷ ዓይነቱ፣ ነርቩ ሕያው ሆኖ መግል ከሌለ፣ ጊዜው ከበቃ በአንድ ቀጠሮ ቢያልቅ ምንም ነውር የለውም። ቦዩ እየመገለ አልደርቅ ሲል ወይም እብጠት ሲኖር ግን ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል ጀርም ገዳይ መድኃኒት ገብቶ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ይቆያል። ለካፑ ያለው ቀጠሮ ለብቻው ነው።

በቀጠሮዎቹ መሃል ጊዜያዊው ሙሌት ከወደቀ ቀኑን አትጠብቂ፤ በነጋታው ተመልሰሽ አስደፍኚው። ምራቅ ከገባ የታጠበው ሁሉ ከንቱ ነው። ከላዩ ትንሽ ተሸርፎ ቢጎደጉድ ግን አያስፈራም።

የአዳማዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። እስከዚያው አሞክሳሲሊን ልጀምር? ሰፈር ያለው ፋርማሲ ይሰጠኛል። ማታ ማታ ነጭ ሽንኩርትም እያደረግሁበት ነው።

መድኃኒት ቤት፦
አሞክሳሲሊኑን ተዪው። ሕመምሽ ከተቆጣ ነርቭ የመጣ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይነካውም፤ ጀርሙን ማላመድ ብቻ ነው ትርፉ። የሚያስፈልገው ፊት ሲያብጥ፣ ትኩሳት ሲኖር፣ እብጠቱ ሲሰፋ ነው፤ ያኔም ቢሆን ጥርሱ ካልተከፈተ ወይም መግሉ ካልወጣ ለጊዜው አብርዶት ተመልሶ ይመጣል።

ነጭ ሽንኩርቱንም አቁሚ፤ አስፕሪን ድድ ላይ እንደሚያስቀምጡት ሁሉ ድዱን አቃጥሎ ነጭ ቁስል ይተዋል። ቅርንፉድ ትንሽ ያደነዝዛል፤ ዘይቱ ግን ድድ ላይ ከፈሰሰ እሱም ያቃጥላል።

ለማስታገሻ ኢቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም በየ8 ሰዓቱ ከምግብ ጋር፣ በላዩ ፓራሲታሞል 500 ሚሊግራም 2 ፍሬ በየ6 ሰዓቱ። ሁለቱ አብረው ሲወሰዱ ከአንዳቸው ይበልጣሉ። ፓራሲታሞል በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይለፍ፤ የጉበት ሕመም ያለበት ሰው ከዚያም ያነሰ ስለሚወስድ ይጠይቅ። ዲክሎፌናክ ተሰጥቶሽ ከሆነ ኢቡፕሮፌን አትጨምሪበት፤ የአንድ ቤተሰብ ናቸው፣ ጨጓራሽን ነው የሚጎዱት። እርጉዝ ከሆንሽ ኢቡፕሮፌኑ ይቅር፣ ፓራሲታሞል ብቻ ውሰጂ፤ ለሐኪሟም ቀድመሽ ንገሪያት።

ቆሎ ወዳጅ፦
መንቀሉን በተመለከተ። በዕለቱ ርካሹ እሱ ነው፤ እውነት ነው። ግን የመጀመሪያው መንጋጋ ዋናው አኛኪ ነው። ሲወጣ ከኋላው ያለው ወደ ክፍተቱ ያዘነብላል፣ ከላይ ትይዩው ያለው ደግሞ ቀስ በቀስ ይወርዳል። ቆይተሽ በብሪጅ (ከጎኑ ባሉት ጥርሶች ላይ በሚታሰር ሰው ሠራሽ ጥርስ) ወይም በኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ በሚተከል) ልተካው ብትዪ ከሩት ካናሉና ከካፑ የበለጠ ልታወጪ ትችያለሽ። መንቀል የሚሻለው ጥርሱ እስከ ሥሩ ተሰንጥቆ ከሆነ፣ ካፕ የሚይዝበት በቂ አካል ከድዱ በላይ ካልቀረው ወይም አጥንቱ ተበልቶ የሚነቃነቅ ከሆነ ነው። ሐኪሟን «ከተጸዳ በኋላ ካፕ የሚሸከም አካል ይቀረዋል ወይ?» በያት።

ካፑን ነገ ዛሬ አትበዪው። ሩት ካናሉ በደንብ ተሠርቶ ብዙ መንጋጋ የሚጠፋው ካፕ ሳይደረግለት ቀርቶ ሲሰነጠቅ ነው፤ ውስጡ ተቦርቡሮ ግድግዳው ሳስቷል። ሙሌቱ ካለቀ በኋላ በ1 ወር ውስጥ ቢደረግ ጥሩ ነው። እስከዚያ በዚያ በኩል ቆሎ የለም፣ አጥንት መጋጥም የለም።

ስለ ዋጋ ስትጠይቂም «ሩት ካናል ስንት ነው?» ብቻ አትበዪ። ራጁ፣ ቋሚ ሙሌቱና ካፑ ይካተታሉ ወይስ ለየብቻ ናቸው? የመንጋጋ ዋጋ ከፊት ጥርስ የሚወደደው ቦዩ ስለሚበዛ ነው።

ጣና ዳር፦
ጥያቄውን ልዋስ። አባቴ የልብ ቫልቭ ተቀይሮለት ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን ይወስዳል፤ እሱም ሩት ካናል ታዞለታል። ዋርፋሪኑን ያቁም?

መድኃኒት ቤት፦
በራሱ እንዳያቆም! ቫልቩ ላይ ደም ቢረጋ ከጥርሱ ደም እጅግ የከፋ ነው። ሩት ካናል ብዙ ደም የሚፈስበት ሥራ አይደለም። የቅርብ ቀን የደም መቅጠን ምርመራ ውጤቱን ይዞ ይሂድ። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላለው ሰው ከሥራው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት አንቲባዮቲክ ይሰጣል፤ የተለመደው አሞክሳሲሊን 2 ግራም አንዴ ነው፤ ፔኒሲሊን የማይስማማው ከሆነ ሌላ ይመረጥለታል። የልብ ሐኪሙና የጥርስ ሐኪሙ እንዲነጋገሩ አድርጉ። ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ለእሱ ክልክል ናቸው፤ ሜትሮኒዳዞል የሚባለው አንቲባዮቲክም ከዋርፋሪን ጋር ደሙን ከመጠን በላይ ያቀጥናል።

ድድ በድድ፦
ለአዳማዋ የቀረው ከሥራው በኋላ ያለው ነው። ከንፈርሽ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ደንዝዞ ይቆያል፤ እስኪለቅ ምግብ አታኝኪ፣ ትኩስ ቡናም ይቆይሽ። ጉንጭን ነክሶ ማቁሰል የሚመጣው ያኔ ነው። ከ2 እስከ 3 ቀን ስትነክሺ ሊያምሽ ይችላል፤ በማስታገሻው እየቀነሰ ከሄደ ደህና ነው።

ከ3 ቀን በኋላ እየባሰ ከሄደ፣ ወይም ድዱ ላይ ብጉር የመሰለ መግል ካወጣ ተመለሺ፤ ምናልባት ያልተገኘ ቦይ አለ። ፋይል ውስጥ ተሰብሮ ቀርቶ ከሆነም ሊነግሩሽ ይገባል፤ ራጁ ላይ ይታያል። ጥርሱ ግን በዚህ ብቻ አይጠፋም፤ ከመሰበሩ በፊት ቦዩ ምን ያህል ተጸድቶ ነበር የሚለው ነው ወሳኙ።

እብጠቱ ከአገጭ በታች ወርዶ ምላስሽን ሽቅብ ከገፋው፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረሽ፣ አፍሽም አልከፈት ካለ ክሊኒኩ እስኪከፍት አትጠብቂ፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል።

የአዳማዋ፦
አንድ ነገር ብቻ። ነርቩ ከወጣ በኋላ ስነክስ የሚያመኝ በምኑ ነው?

ሥር ፈላጊ፦
የሚያመው ጥርሱ ሳይሆን በሥሩ ዙሪያ ጥርሱን ከአጥንት ጋር የያዘው ጅማት ነው፤ ነርቭ አለው፤ በሥራው ተቆጥቷል። ግን አፍሽን ስትገጥሚ ከሌሎቹ ጥርሶች ቀድሞ እሱ የሚነካ ከመሰለሽ ሙሌቱ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ባለቀለም ወረቀት አስነክሰው ጥቂት ይሞርዱታል፤ የ5 ደቂቃ ሥራ ነው፣ ማደንዘዣም አይፈልግም።