የምልክት ቋንቋን በኦንላይን የተማራችሁ መምህራን፣ እስቲ ምከሩኝ

ጠመኔ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመምህርነት ሥልጠና ላይ ነኝ። ለማስተማር ልምምድ የምገባበት ክፍል ውስጥ መስማት የተሳናት ተማሪ አለች ተብያለሁ። አስተርጓሚ ይኑር አይኑር ቁርጡን የሚነግረኝ አላገኘሁም። እጄን አጣጥፌ ከምጠብቅ ብዬ በኦንላይን መማር ጀመርኩ። ማታ ማታ ስልኬን ግድግዳ አስደግፌ እጄን ሳወናጭፍ እህቴ በሳቅ ትሞታለች።

ቃላቱ እየገቡኝ ነው። ቀለም፣ ቤተሰብ፣ «ጻፊ»፣ «ተቀመጪ»። ሰው በምልክት ሲያወራ ሳይ ግን አንድ ሁለት ቃል እይዝና ሌላው ያመልጠኛል። ደግሞ ደህና ደህናው ኮርስ የአሜሪካ ነው፤ የኛውን የማገኘው ተቆራርጦ ነው። በአሜሪካው ልቀጥል? ሰርተፍኬቱስ ይረባል? ብቻዬን እንዴት ነው የምለማመደው?

የኋላ ወንበር፦
እህቴ፣ መስማት የተሳናቸውን ልጆች ሳስተምር ከርሜያለሁ። የአሜሪካውን ለጊዜው ተዪው። እንግሊዝና አሜሪካ ራሳቸው በአፍ አንድ ቋንቋ እያወሩ በምልክት አይግባቡም። የጣት ፊደሉ፣ ማለትም ስምን ፊደል በፊደል በእጅ የምንጽፍበት፣ የእንግሊዙ በሁለት እጅ ነው፣ የአሜሪካው በአንድ። ያንቺ ተማሪ ደግሞ ስሟን የምትጽፈው በኛ ፊደል ነው። በኛ የጣት ፊደል የእጁ ቅርጽ «ለ» ይሁን «መ» ይነግርሻል፤ ለ፣ ሉ፣ ሊ እያለ የሚሄደው ግን በእንቅስቃሴ ነው የሚለየው። ስለዚህ በፎቶ የተለጠፈ ሰንጠረዥ አትሸምድጂ። ሲንቀሳቀስ የሚያሳይ ቪዲዮ ፈልጊ፤ ከዚያ የክፍሉን ልጆች ስም ዝርዝር ይዘሽ አንድ በአንድ በጣትሽ ጻፊ።

ያመልጠኛል ላልሽው፣ የት ነው የምታዪው? ጀማሪ ሁሉ እጅ ላይ ያፈጣል። ዓይንሽን ፊቱ ላይ አድርጊ፤ እጁ በዓይንሽ ጠርዝ ይታይሻል። ሰዋስውም ያለው ፊት ላይ ነው። በብዙ የምልክት ቋንቋዎች አዎ ወይም አይደለም የሚባልበት ጥያቄ ቅንድብ በማንሳት ይጠየቃል። ቅንድብሽ ካልተነሳ «ጨረስሽ?» ያልሽው «ጨረስሽ» ሆኖ ይቀራል፤ ልጅቷም ዝም ብላ ታይሻለች።

ማስታወሻ ስትይዢ የቃሉን ትርጉም ብቻ አትጻፊ። የእጁን ቅርጽ፣ የሚያርፍበትን ቦታ፣ እንቅስቃሴውን ጻፊ። ዊልያም ስቶኪ የሚባል አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1960 ምልክቶች ከእነዚህ ክፍሎች እንደሚገነቡ አሳይቷል። ከዚያ በፊት ብዙ ምሁራን ነገሩን እንደ ቋንቋም አይቆጥሩት ነበር። ለኛ ግን ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ሁለት የሚመሳሰሉ ምልክቶች ሲምታቱብሽ ልዩነቱ የቱ ጋ እንደሆነ ቶሎ ታገኚዋለሽ።

ካሜራ ላይ፦
የግራና የቀኝ ነገር እንዳይረሳ። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰው በቀኝ እጁ ሲሠራ እንደ መስታወት ተከትለሽ በግራሽ ትሠሪያለሽ። የምትጽፊበትን እጅ ዋና አድርጊና አትለዋውጪ። ራስሽን ቅረጪና በነጋታው ያለ ማስታወሻ እዪው። ራስሽ ካልገባሽ ማንም አይገባውም 😄

ሰርተፍኬቱ ቪዲዮ አይተሽ ምርጫ በማክበብ የሚሰጥ ከሆነ ለግድግዳ ነው። በቀጥታ እያየ እጅሽን የሚያርም መምህር ካለው ግን ገንዘብሽን አውጪ። መምህሩ ራሱ መስማት የተሳነው ቢሆን ደግሞ የበለጠ።

በዓይኔ እሰማለሁ፦
እኔ መስማት የተሳነኝ ነኝ፤ በመደበኛ ክፍል ነው የተማርኩት። ከላይ የተባለው ልክ ነው። ግን ጠመኔ፣ ምልክቱን አጥርተሽ ባትችዪም ከመጀመሪያው ቀን የምታደርጊው ነገር አለ።

ወደ ሰሌዳ ዞረሽ አታውሪ። ጽፈሽ ጨርሺ፣ ዙሪ፣ ከዚያ ተናገሪ። መስኮቱን ከጀርባሽ አድርገሽ አትቁሚ፤ ፊትሽ ይጠቁራል። «መጽሐፉን እዩ» ብለሽ ወዲያው ማስረዳት አትጀምሪ። እኔ ያለኝ ሁለት ዓይን ነው፤ ሁለቱም በአንዴ አንድ ቦታ ነው የሚያዩት። አንብቤ ቀና እስክል ጠብቂኝ።

«ከንፈር ታነባለች» የሚልሽ አይጠፋም። «በላ» እና «መላ» ከንፈር ላይ አንድ ናቸው። ቀኑን ሙሉ እሱን ስትገምቺ ዋዪና ትምህርቱን ያዢ እስቲ! እና ደግሞ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጠው መርቀው የሚተዉን አሉ። ከፊት መቀመጡ አይከፋም፤ ግን ከኋላ ልጅ ሲመልስ ማን እንዳወራ እንኳ አላውቅም ነበር። ወንበሩን በግማሽ ክብ አድርጊው፣ ወይም የሚናገረውን ልጅ በእጅሽ ጠቁሚልኝ።

ጠመኔ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ፊት ላይ እዪ የተባልኩትን ማታ ሞከርኩት፤ መጀመሪያ ጭራሽ ጠፋብኝ፣ ቆይቶ ግን ጥያቄው ከመልሱ መለየት ጀመረ። አንድ ነገር ልጨምር፤ እያወራሁ በምልክትም ባሳይ ለሁሉም ይደርሳል?

የኋላ ወንበር፦
አይደርስም። አፍሽ ይቀድምና ምልክቱ ይቆራረጣል፤ የሚጎድለው ሁልጊዜ የእሷ ድርሻ ነው። አጭር ነገር ከሆነ መጀመሪያ በምልክት ለእሷ፣ ከዚያ በአፍ ለክፍሉ። ረጅም ማብራሪያ ከሆነ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ልምምዱ ሳይጀመር ለአስተባባሪሽ በጽሑፍ ጠይቂ፣ ቅጂውንም ያዢ።