የፕሌይና የኪው ቁልፍ፦ ፓዮኒር፣ ዴነን ወይስ ከፕ?

ሎፕ16፦
የዲጄ ፕሮግራሙን ሚክስክስን በባለ ሁለት ዴክ (ሁለት ትራክ ለየብቻ በሚያጫውት) ኮንትሮለር ነው የምጠቀመው። በማስተካከያው የዴክ ገጽ ላይ የኪው ቁልፍ (ትራኩን ወዳዘጋጁት መነሻ ነጥብ የሚመልሰው) እንዴት እንደሚሠራ የሚወስን ኪው ሞድ የሚል ምርጫ አለ፤ ስከፍተው ፓዮኒር፣ ዴነን፣ ኑማርክ፣ ከፕ እያለ ይደረድራል። የቸገረኝ ሁለት ነገር ነው። ትራኩ ቆሞ ሳለ ጆግ ዊሉን (የሚሽከረከረውን ክብ ሳህን) ነካ አድርጌ ኪው ስጫን ያዘጋጀሁት ነጥብ ይጠፋል። ደግሞ ኪውን ስለቅ ትራኩ መቆም ሲገባው ይቀጥላል። ሞዱን ልቀይር ወይስ ኮንትሮለሩን? ኪው ከፕሌይ በላይ ያለበትና ሁለቱ ጎን ለጎን የሆኑበትስ ልዩነት አላቸው?

ዴክ_ለ፦
ሞዶቹን ስታወዳድር አንድ ነገር ብቻ እይ፤ የኪው ነጥቡን ከቦታው የሚያነሳው የትኛው ቁልፍ ነው?

በፓዮኒር ሞድ የሚያነሳው ራሱ ኪው ነው። ትራኩ ቆሞ፣ ነጥቡ ላይ ካልሆነ፣ ኪው ስትጫን ያለህበት ቦታ አዲሱ ነጥብ ይሆናል። ጆግ ዊሉ በጣም ትንሽ ቢዞርም ከነጥቡ ወጥተሃል፤ የመጀመሪያው ችግርህ ይኸው ነው፣ ብልሽት አይደለም። እየተጫወተ ሳለ ከተጫንከው ግን ወደ ነጥቡ ተመልሶ ይቆማል።

በዴነን ሞድ የሚያነሳው ፕሌይ ነው። ካቆምክበት ቦታ ፕሌይ ባልክ ቁጥር ያ ቦታ አዲሱ ኪው ይሆናል፤ ኪው ደግሞ መመለስ እንጂ ማጥፋት አያውቅም። መሀል ላይ እያቆመ መቀጠል ለሚወድ ሰው አይመችም። ኑማርክ ያው ዴነን ነው፣ የፕሌይ መብራት አያብለጨልጭም እንጂ።

በክለብ ሲዲጄ (የፓዮኒር የዲጄ ማጫወቻ) ላይ የመጫወት ሐሳብ ካለህ ፓዮኒርን ያዝ፤ ጣትህ የሚለምደው እዚያ የሚጠብቅህን ነው። ለመድን ያህል እዚያው ነጥብ ላይ ሆት ኪው 1 (በራሱ ቁልፍ የሚጠራ ተጨማሪ ነጥብ) አስቀምጥ። ኪው ሲጠፋ ትራኩን አቁመህ ሆት ኪው 1ን ነካ አድርገህ ልቀቅ፣ ቀጥለህ ኪው ተጫን፤ ነጥቡ ተመለሰ። ኳንታይዝ በርቶ ከሆነ ግን ነጥቡ ወደ ቅርቡ ቢት (ምት) ይሳባል። ድምፃዊው ከቢቱ ቀድሞ የሚገባበት ዘፈን ላይ ነጥቡን ስታስቀምጥ አጥፋው።

ጥቁር_ፌደር፦
ስለ ከፕ ማንም አላነሳም። ከፕ (ኪውና ፕሌይ በአንድ) ትራኩ እየተጫወተ ሳለ ሲጫን ወደ ነጥቡ ሄዶ ይቆማል፣ ስትለቀው ይጫወታል። ስለዚህ ቢቱ ላይ መዋል ያለበት መጫንህ ሳይሆን መልቀቅህ ነው። ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ቀን «ይዘገያል» እያለ የሚያማርረው ለዚህ ነው። ድምፁ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ዴክ ላይ ስትመታው ጣትህ ቁልፉ ላይ እስካለ ድረስ ዝምታ አለ። ዝምታ የሌለው መደጋገም ከፈለግክ ከፕን ተወው፤ ሺፍት ሲደመር ፕሌይን «ኪው ጎቱ ኤንድ ፕሌይ» ከሚለው ትእዛዝ ጋር እሰር። እሱ በመጫን ቅጽበት ይዘላል።

የቁልፍ አቀማመጡ ጉዳይ ከሚወራለት ያነሰ ነው። ዋናው በአንድ እጅ ሁለቱንም መያዝ መቻልህ ነው። ኪው ከላይ ከሆነ አመልካች ጣት ኪው ላይ፣ አውራ ጣት ፕሌይ ላይ፤ ጎን ለጎን ከሆኑ አመልካችና መሀል ጣት። ኪውን ይዘህ እያዳመጥክ ፕሌይ ተጫን፣ ከዚያ ኪውን ልቀቅ፤ ትራኩ ሳይቆረጥ ይቀጥላል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ መጀመሪያ ወደ ነጥቡ ይመለስብሃል።

ማፒንግ_ሠራተኛ፦
ሁለተኛው ችግር የሞድ ሳይሆን የመልቀቂያ መልእክት ጉዳይ ነው። የሚዲ መልእክቶችን (ኮንትሮለሩ ለኮምፒውተሩ የሚልካቸውን) የሚያሳይ መከታተያ ፕሮግራም ክፈትና ኪውን ተጭነህ ልቀቅ። አንዳንድ ኮንትሮለር ሲለቀቅ ያንኑ ኖት ኦን (የመጫን መልእክት) በ0 ዋጋ ይልካል። ሌላው ኖት ኦፍ (የመልቀቅ መልእክት) ይልካል፤ በቻናል 1 ከሆነ ሲጫን 90፣ ሲለቀቅ 80 ታያለህ። ማፒንጉ (የትኛው ቁልፍ የትኛውን ትእዛዝ እንደሚሰጥ የሚወስነው ፋይል) 90ን ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ሚክስክስ ጣትህ መነሳቱን አይሰማም።

በሚለቀቅበት ጊዜ ምንም ካልመጣና ሁለተኛ ስትጫን ብቻ 0 ከመጣ፣ ቁልፉ በኮንትሮለሩ በራሱ ቶግል (አንዴ ሲጫን የሚበራ፣ ዳግም ሲጫን የሚጠፋ) ተደርጓል። በማስተካከያ ፕሮግራሙ ወደ ሞመንታሪ (ሲለቀቅ የሚጠፋ) መልሰው። አንድ ጊዜ ተጭነህ በጥቂት ሚሊሰከንድ ውስጥ ሁለት ኖት ኦን ከታየህ ደግሞ የቁልፉ መገናኛ አርጅቷል ወይም ቆሽሿል፤ ፕሌይ ተነስቶ ወዲያው የሚቆመው በዚህ ነው። እሱን ሶፍትዌር አያድነውም።

ሎፕ16፦
አየሁት፤ ሲጫን 90፣ ሲለቀቅ 80 ነው።

ማፒንግ_ሠራተኛ፦
እንግዲያው በኮንትሮለሩ ገጽ የኢንፑት ማፒንግ ትር ውስጥ አዲስ መስመር ጨምር፦ ቻናሉ ያው፣ ኦፕኮዱ (የመልእክቱ ዓይነት) ኖት ኦፍ፣ የኖት ቁጥሩ ያው፣ ትእዛዙ ኪው ዲፎልት። «ኪው ሴት» የሚለውን እንዳትመርጥ፤ እሱ ነጥብ ማስቀመጥ እንጂ ሞዱን አይከተልም። ኦፕሽን የሚለው ዓምድ ላይ «ስዊች» ተመርጦ ከሆነም አንሳው፤ የሚመጣውን ዋጋ ሁሉ 1 ስለሚያደርገው መልቀቅህ እንደ መጫን ሊቆጠር ይችላል። ለሁለተኛው ዴክም ድገመው፤ በቻናል 2 ከሆነ ቁጥሮቹ 91 እና 81 ናቸው።